ባል የተፈለገላት ሐረግ

ሲስተር ጡረታ በወጣችበት ቀን የጤና ጣቢያው ባልደረቦቿ ሁለት ነገር ሰጧት፤ አንድ የግድግዳ ሰዓትና በዱቄት ወተት ጣሳ የበቀለች አንዲት ችግኝ። ሰዓቱን ወንድሟ ከኋላ ከፍቶ አየና፣ "እትዬ፣ ይሄ ዓመት አይሞላም" አላት። ሰዓት ሠሪ ነውና አልተሳሳተም፤ በስምንተኛው ወር ቀጥ አለ። ችግኟ ግን የሁለቱንም ኑሮ ገለባበጠችው።

ጣሳው ላይ በእስክሪብቶ "ፓሽን ፍሩት" ተብሎ ተጽፏል። ችግኟን ያመጣችው የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ "አበባዋ ራሱ ጉድ ነው ሲስተር፣ ግድግዳ ታለብሳለች፤ ፍሬዋን ደግሞ ጨምቀው ይጠጣሉ። እንግዲህ ቁጭ ብለው እሷን ማሳደግ ነው" ብላት ነበር። ቁጭ ማለት ለሲስተር ቀላል አልነበረም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በእግሯ ቆማ ያዋለደች ሴት ናት። ጡረታ በወጣች በሳምንቱ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሦስት ጊዜ አስተካክላ፣ የወንድሟን ካልሲ በቀለም በቀለም ለይታ፣ የጎረቤት ድመት ማርገዟን ከባለቤቶቿ ቀድማ ዐውቃ ጨርሳለች።

ሰፈሩ በሙሉ፣ ትልቅ ትንሹ፣ ሲስተር ይላታል። እትዬ የሚላት የእናቷ ልጅ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሰው ሁሉ ደቂቃ ይለዋል፤ ሰዓት ሠሪ ስለሆነም፣ ቁመቱ አጭር ስለሆነም፣ ከሰው ጋር ከአንድ ደቂቃ በላይ ማውራት ስለማይችልም ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ የዐሥራ ስምንት፣ እሱ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። አጥባ፣ አልብሳ፣ ደብተሩን አይታ፣ ሲጠፋ ፈልጋ፣ ሲታመም አጠገቡ አድራ ያሳደገችው እሷ ናት። ኋላ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏ ሞተ፣ አንዲት ልጇም ባል አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። ሲስተር ጓዟን ጠቅልላ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ ደቂቃ እዚያው ነበር፤ ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ሳያገባ። "አንተ እኮ እንደ ግድግዳው ነህ፤ ትቼህ ሄጄ እዚያው ቦታህ አገኘሁህ" አለችው ያን ዕለት። "የት እሄዳለሁ?" አላት።

ግቢያቸው ጠባብ ናት። ከበሩ እስከ በረንዳው ሲሚንቶ ነው፤ በአጥሩ ግንብ ሥር ብቻ አንድ እርምጃ የምታህል አፈር አለች። ችግኟን እዚያ ተከሏት። ደቂቃ ከግንቡ እስከ በረንዳው ምሰሶ ሽቦ ወጥሮ ዳስ ሠራላት። ያቺ ጣሳ ውስጥ አንገቷን ደፍታ የነበረች ምስኪን ሥሯ አፈር ሲያገኝ ጉድ ፈላ። ቀጫጭን ክሮቿን እየወረወረች፣ የያዘችውን ላትለቅ እንደ ሰዓት ሞላ እየተጠቀለለች፣ በዓመቱ ግንቡን አልብሳ፣ ዳሱን ሸፍና፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ተሻግራ ወደ ጎረቤት ልትገባ ስትል ሲስተር በመቀስ መለሰቻት።

ከዚያ አበበች። ከእኩለ ቀን ትንሽ አለፍ ሲል፣ ሲስተር ወንበሯን በረንዳው ላይ አውጥታ ስትቀመጥ፣ እንቡጡ ዐይኗ እያየ ተከፈተ። ነጭ ቅጠል፣ በላዩ ክብ የሠራ፣ ሥሩ ሐምራዊ ጫፉ ነጭ የሆነ የክር ዘርፍ፣ መኻሉ ላይ አምስት ቢጫ ዱቄት የተሸከሙ ጣቶች፣ ከእነሱ በላይ ደግሞ ሦስት አንገቶች። ደቂቃ ለምሳ ሲገባ ዐይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያውን አወጣና ተጠግቶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

"ሦስቱም ዘንግ አለው" አለ። "የሰዓት፣ የደቂቃ፣ የሰከንድ።"

"አሁን ስንት ሰዓት ይላል ታዲያ?"

"የምሳ" አለና ገባ። ለሱ ይህ ትልቅ ቀልድ ነው።

አበባው ማታ ተጠቅልሎ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ሌላው ተከፈተ፣ ወደቀ። ያ ወራት በሙሉ እንዲህ ሆነ፤ አንድም ፍሬ የለም። "የመጀመሪያ ዓመቷ ነው፣ ሕፃን ናት" አለች ሲስተር። በሁለተኛው ዓመት አበባው እጥፍ ሆነ። መንገደኛ በበሩ ቀዳዳ እያየ ያደንቃል። ፍሬ ግን የለም። ሲስተር ያልሞከረችው የለም፤ ፍግ አለበሰቻት፣ አመድ ነሰነሰችላት፣ የሩዝ እጣቢ አጠጣቻት፣ ጠዋት ጠዋት እየመከረች፣ ከሰዓት በኋላ እየተቆጣች ሰነበተች።

አጠገባቸው የሚኖሩት ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር በግንቡ ላይ ብቅ ብለው፣ "ሲስተር፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ እኮ! ቁረጪያትና ጎመን ትከዪበት። መካን ናት" አሏት።

ሲስተር የያዘችውን ባልዲ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ በዚህ ግቢ ያቺ ቃል አትነገርም።"

"ምን አልኩ? ለሐረግ እኮ ነው።"

"ለሐረግም ቢሆን። ሠላሳ ስድስት ዓመት በዚያች ቃል የተሰደቡ ሴቶች ክፍሌ በር ላይ ሲያለቅሱ ኖረዋል። ባልሽን ይዘሽው ነይ እላለሁ፤ እሱ አይመጣም። በስንት ልመና ሲመጣና ሲመረመር ስንቱ ላይ የእሱ ሆኖ ተገኝቷል መሰለዎት! ሴትየዋ ግን ስሙን ተሸክማ ኖራለች።"

ሾፌሩ አንገታቸውን ወደ ግንቡ ማዶ መለሱ። ሲስተር ግን በገዛ አፏ የተናገረችው ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ቀረ። ባልሽን ይዘሽው ነይ። በማግስቱ ጫማዋን አድርጋ ከከተማው ዳር ወዳለው የችግኝ ጣቢያ ሄደች።

የችግኝ ጣቢያው ሰውዬ እጁን ከአፈር ሳያወጣ ሰማት። "ፍሬው ቢጫ የሚሆነው ዓይነት ነው አይደል? ቀትር ላይ የሚከፈተው?"

"አዎ።"

"እሷ የራሷን ዱቄት አትቀበልም፤ ከሌላ ሐረግ መምጣት አለበት። ከሷ ቆርጠው የተከሉትም አይሆንም፣ ያው ራሷ ናት። ከሌላ ዘር የበቀለች መሆን አለባት። ትንንሾቹ ንቦች ደግሞ ዱቄቱን ይሰርቃሉ እንጂ አንገቱ ጋ አይደርሱም። ትልልቅ ጥቁር ንብ ከሌለዎት በእጅ ማድረግ ነው። ችግኝ አሁን የለኝም፤ ሰፈር ውስጥ ይፈልጉ።"

"ባጭሩ ባል ፈልጊላት ነው የምትለኝ።"

"ባጭሩ" አለ ሰውዬው፤ ሳቀም።

ሲስተር መንገዱን ሙሉ በራሷ ስትገረም መጣች። ያን ሁሉ ሴት መክራ የራሷን ሐረግ ብቻዋን ስትወቅስ መክረሟ! ማታ ራት ላይ ለደቂቃ ነገረችው። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ "ከአውቶቡሶች ጋራዥ ባሻገር አንድ አጥር ላይ አለች" አለ።

"ምኑ?"

"እንደሷ ያለች ሐረግ። ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት።"

"ታዲያ ነገ ገብተህ ጠይቅ!"

ደቂቃ ቀልቡ ተገፈፈ። የማያውቃት ሴት ቤት ገብቶ አበባ ስጡኝ ማለት ለሱ ከጣራ መዝለል ነው። "አንቺ ብትሄጂስ?" አለ።

"እኔ ጉልበቴን። አንተ በየቀኑ በበሩ ታልፋለህ።" ጉልበቷ ደኅና ነበር፤ ያን ቀን ችግኝ ጣቢያ ድረስ ደርሳ መጥታበታለች። ግን ይሄ ሰው አፉን ይክፈት እስኪ ብላ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በባዶ የሰዓት ሳጥን ውስጥ፣ በእርጥብ ጥጥ ላይ የተኛች አንዲት አበባ ይዞ ገባ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ደቂቃን ማናገር ጥርስ እንደመንቀል ነው፤ ሲስተር ጎትታ ጎትታ አወጣችው።

"ምን አለችህ?"

"እሺ አለች።"

"እሺ ብቻ?"

"መጀመሪያ ሳቀች።"

"ምን ብለሃት ነው የሳቀችው?"

ደቂቃ ጣራውን አየ። "በሩ ላይ ቆሜ፣ ዱቄት ፈልጌ ነው አልኳት።"

"ዱቄት ብቻ?"

"የአበባ ልል ነበር፤ አመለጠኝ። ‹ዱቄት የሚሸጠው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ነው ጋሼ› አለችኝ። የሚሰፉት ልጆች የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሳቁ። ከዚያ ማጉያዬን አውጥቼ አበባውን አሳየኋት። እሷም ዐይኗ ላይ ሰካችና አየች። የሷም ሐረግ አራት ዓመቷ ነው፣ አንድ ፍሬ አላየችም። ለልጆቹ ጥላ ብላ ነው የተከለቻት።" ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ሲስተር እንዲህ ብዙ ሲያወራ የሰማችው ወታደር ቤት አጭር ነህ፣ አልቀበልም ብሎ ከመለሰው ቀን ወዲህ አልነበረም።

ወዲያው ወደ ዳሱ ሄዱ። ደቂቃ መሰላል ላይ ወጣ፤ ማጉያውን ሰካ፤ የሰዓት አቧራ የሚጠርግባትን ቀጭን ብሩሽ በባዕዷ አበባ ዱቄት ነክሮ ወደ መጀመሪያው አበባ ዘረጋ። ሲስተር መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ቆይ! ሦስቱ አንገቶች ጎንበስ ብለዋል?"

"አላሉም፤ ቀጥ ብለዋል።"

"ታዲያ ምን ያጣድፍሃል? ሰዓቷ አልደረሰም። በራሷ ጊዜ ጎንበስ ትላለች።"

ጠበቁ። አንድ ሰዓት ያህል እሱ መሰላሉ ላይ፣ እሷ ሥሩ፣ ሰው በበሩ ቀዳዳ ቢያያቸው አብደዋል ይል ነበር። አንገቶቹ ቀስ እያሉ ወደ ታች ዞሩ። ደቂቃ ሦስቱንም አንድ በአንድ ቀባ። ያን ቀን የተከፈቱት ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ ሁሉንም አዳረሰ። ከሲስተር ሐረግ ደግሞ ሦስት አበባ ቆርጦ በዚያችው ሳጥን ለልብስ ሰፊዋ ይዞላት ሮጠ፤ እሷም ድርሻዋ ነዋ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ከእንቅልፏ እንደተነሣች ዳሱ ሥር ቆመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አበቦቹ ወድቀው ነበር። ዘጠኙ አልወደቁም። ቅጠላቸው ጠውልጓል፣ ግን ከሥራቸው የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር አብጣለች። ሲስተር በሁለት ጣቷ ነካ አደረገቻት፤ ጠንካራ ናት።

"ደቂቃ! አንተ ደቂቃ! ይዛለች!"

ግማሽ ፊቱን የተላጨ ወንድሟ ከነአረፋው ወጣ። ጎረቤቱ ሾፌርም በግንቡ ላይ ብቅ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ደቂቃ ቀትር ላይ ሱቁን ይዘጋል፣ በልብስ ሰፊዋ በኩል ዞሮ አበባ ያመጣል፣ አበባ ይወስዳል። ሲስተር ፍሬ የያዘው ላይ ሁሉ ለምልክት ክር ታስራለች። ክሩንም የምትልክላት ልብስ ሰፊዋ ናት፤ በየቀኑ ሌላ ቀለም፤ የአንዱ ትምህርት ቤት ሰማያዊ፣ የሌላው ቡናማ። ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ በክር ሰላምታ መለዋወጥ ጀመሩ።

ግን ሲስተር ዐይን አላት። ወንድሟ ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ። የጫማው ክር አዲስ ሆነ። ሰዓት ማሳለፍ የማያውቀው ሰው ለምሳ ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ያረፍድ ጀመር። አንድ ቀን ስልክ ሲያወራ በረንዳው ላይ ሆና ሰማችው። "እሺ፣ የስፌት መኪናዋን ነገ ልያት፤ መዘውሯን አትንኪያት" እያለ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ይላት ነበር፤ ሲስተር እርግጠኛ ናት። "አትንኪያት" ሆነ? ሲስተር ድስቱን ረስታው አረረ።

ከዚያ የአበባው ወራት አለቀ። ዳሱ ላይ እንቁላል የሚያካክሉ አረንጓዴ ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል፤ አበባ ግን የለም። ደቂቃ ግን ቀትር ላይ ያው ይሄዳል።

"አበባው አልቋል እኮ" አለችው።

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ልታመጣ ነው የምትሄደው?"

"የአንዷ ልጅ የስፌት መኪና ትንቋቋለች" አለ ዐይኑን ሳያነሣ።

"ሦስት ሳምንት?"

"አሮጌ መኪና ነች።"

ሲስተር ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሰውን ሁሉ ስትሸኝ የኖረች ናት፤ እናትን፣ አባትን፣ ባልን፣ ልጅን። ይሄ አንዱ ይሄዳል ብላ አስባ አታውቅም። ግድግዳ ይሄዳል? ከዚያ ቀን በኋላ ያደረገችው ነገር ኋላ ስታስታውሰው ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ታመመች። ማለትም፣ ታመምኩ አለች። "ራሴን ያዞረኛል፣ ደም ግፊቴ ነው መሰለኝ" ብላ ተኛች። እሷ ስታውቅበት! የትኛው ሕመም በዐይን እንደማይታይ ከማን ትማራለች?

ደቂቃ ሱቁን ዘጋ። ሦስት ቀን ከአጠገቧ አልተነሣም። ሾርባ ሠራ፤ ጨው የሌለው፣ ለደም ግፊት ብሎ። ትራሷን ገለበጠ። የኪስ ሰዓቱን ይዞ የእጇን ትርታ በየሰዓቱ ቆጠረ፤ በወረቀትም ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሲስተር በከፊል ከተከደነ ዐይኗ አየችው። ትርታዋን ቆጥሮ ጨርሷል፤ ሰዓቱን ግን ወደ ኪሱ አልመለሰውም። እያየው ነው። ፊቱ ላይ ቅሬታ የለም፣ ቁጣም የለም። በልጅነቱ የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ "ግባ፣ ደብተርህን ያዝ" ስትለው በመስኮት ሲያያቸው የነበረው ፊት ነው።

"ስንት ሆነ?" አለችው።

"ሰባ ሁለት። ደኅና ነሽ እኮ እትዬ፤ ከኔ ትሻያለሽ።"

"ተሽሎኛል፤ ሂድ ሱቅህን ክፈት" አለች። እሱ ከበር ሲወጣ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ አፈረች።

በማግስቱ ጠዋት፣ እሱ ሱቅ ከገባ በኋላ፣ ደኅናውን ቀሚሷን ለብሳ ጋራዡን አልፋ ሄደች። የልብስ ስፌት ቤቱ ሰፊ አንድ ክፍል ነው። አራት ልጆች በአራት መኪና ይሰፋሉ፤ ወለሉ በሰማያዊ ብጣሽ ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ላይ የካርቶን ቅድ ተሰቅሏል። በኋላ በር በኩል ሐረጓ ትታያለች፤ ፍሬ ዘርግፋለች። ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ደልደል ያለች፣ ጉንጯ ላይ መርፌ የወጋት ይመስል ሰርጎድ ያለባት ሴት ከጠረጴዛው ቀና አለች።

"ሲስተር?"

"በምን ዐወቅሽኝ?"

"ስለርስዎ ሌላ ወሬ አለው እንዴ እሱ? ይግቡ፣ ይቀመጡ። ተሻለዎት?"

ሲስተር ልትዋሽ አፏን ከፈተችና ተወችው። "አልታመምኩም ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ አየቻትና ለልጆቹ፣ "እስቲ ዕረፉ፤ ውጪ ተናፈሱ" አለች። ሲወጡ ወንበሯን አስጠጋች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ነገር መጠቅለል አታውቅም።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ከወር በፊት። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ። አብረን ብንኖርስ አልኩት።"

"እሱስ?"

"መቀሴን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ፣ ‹እትዬን ማን ላይ ጥዬ?› አለኝ። ‹ለኔ ብላ ስድስት ዓመት ሳታገባ የቆየች ናት› አለኝ። እኔም ደግሜ አላነሣሁበትም። መምጣቱን ግን አልተወም፤ እኔም ና አትምጣ አላልኩትም።" በእጇ ያለችውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ወንድምዎን ልቀማዎት አልፈልግም ሲስተር። እውነቴን ነው።"

ሲስተር ስድስቱን ዓመት እንደሚያውቅ አታውቅም ነበር። ለማንም ነግራው አታውቅም። ብድግ አለችና፣ "እስቲ ሐረግሽን አሳይኝ" አለች። ወጥተው ተመለከቱ። ሲስተር ፍሬዎቹን በእጇ እየመዘነች፣ "ያንቺ ከኔ ይበልጣሉ፤ ፀሐይ ስላገኘች ነው" አለች። ለመሄድ ስትነሣ ደግሞ፣ "እሱ ሲተኛ ያንኮራፋል። አስቀድሜ ነግሬሻለሁ" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ የገባት ሲስተር ከበሩ ከወጣች በኋላ ነው፤ ዐይኗን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደቂቃ ሲገባ ሲስተር ዳሱ ሥር ሁለት ወንበር አውጥታ ጠበቀችው።

"ቁጭ በል።"

ተቀመጠ።

"እኔን ሰበብ አድርገህ ሴት ታስጠብቃለህ?"

ጆሮው ቀላ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም ይንገረኝ። አንተ ፈሪ! የሚያስፈራህ የኔ ብቻዬን መቅረት ነው ወይስ የሷ እሺ ማለት?"

ደቂቃ ጣቶቹን እርስ በርስ እያሻሸ ቆይቶ፣ "ሁለቱም" አለ።

እውነት ስለተናገረ ሲስተር ቁጣዋ በረደ። "አንተዬ" አለችው። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንቷን ‹በርቺ፣ አምጪ፣ ደርሰሻል› ስል ኖሬአለሁ። ሁሏም አልችልም ትላለች፤ ሁሏም ትችላለች። አንተም በርታ እንግዲህ። ደግሞም ሦስቱን ቀን የተኛሁት ሕመም አልነበረም። አስቀርህ ብዬ ነው።"

"ዐውቄአለሁ" አለ።

"ምን?"

"ሰባ ሁለት እኮ ነው ትርታሽ። ሦስቱንም ቀን።"

"ዐውቀህ ነው ጨው የሌለው ሾርባ ያጠጣኸኝ?"

ደቂቃ ሳቀ። ሲስተር በጫማዋ ልትመታው ብድግ አለች፣ ግን እሷንም ሳቅ አሸነፋት፤ ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሾፌሩ በግንቡ ላይ ብቅ ብለው "ምን ተገኘ?" ቢሉ የሚመልስላቸው አጡ።

ፍሬዎቹ መጀመሪያ የበሰሉት የደቂቃና የልብስ ሰፊዋ ጋብቻ በተፈረመበት ሳምንት ነው። ፓሽን ፍሩት ሲደርስ አይቆረጥም፤ ራሱ ይወድቃል። ምሳ ላይ ሦስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ አንድ ቢጫ ፍሬ ሲሚንቶው ላይ ጧ ብሎ እስከ ልብስ ሰፊዋ እግር ተንከባለለ። ለሁለት ከፈሉት፤ ቤቱ ሽቶ የፈሰሰበት መሰለ። ሲስተር በማንኪያ አፏ ውስጥ አደረገችና ፊቷ እንደ ታጠበ ካልሲ ተጨማደደ።

"ይጎመዝዛል?" አላት ደቂቃ።

"ሦስት ዓመት ጠብቄ ይጎመዝዛል አልልም" አለች ዐይኗን ጨፍና። ከዚያ ስኳር አስመጣች።

ያን ወራት ከሁለቱ ሐረጎች ሁለት መቶ ያህል ፍሬ ሰበሰቡ። ለጤና ጣቢያው ልጆች ደረሰ፣ ለስፌቱ ልጆች ደረሰ፣ ለሾፌሩም በግንቡ ላይ ተሻገረላቸው።

ደቂቃ የሄደው በቅዳሜ ቀን ነው። ልብሱ በአንድ ሻንጣ አለቀ። አልጋውን ሁለት ተሸካሚዎች ይዘው ቀደሙ። ሲስተር ሸሚዞቹን አጣጥፋ፣ ካልሲዎቹን አስራ፣ ስለ ሆዱ፣ ስለ ጉንፋኑ፣ ስለሚረሳው ጃንጥላ ተናግራ ጨረሰች። በሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። እሷ በወጣትነቷ ስታገባ እሱ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስለዚህ ወግ ባለው መንገድ ተሰነባብተው አያውቁም፤ እንዴት እንደሚደረግ ጠፋቸው።

"ነገ እመጣለሁ" አለ።

"ነገ አትምጣ። ሚስትህ ጋ ዋል። ሰኞ ና።"

"ሰኞ እመጣለሁ።"

ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ፤ እሷ ደግሞ ፀጉሩን፣ የሳሳውን መኻል አናቱን፣ ልክ ትምህርት ቤት እንደምትልከው አድርጋ አስተካከለችለት። ከዚያ ሄደ። ጋራዡ ጋ እስኪታጠፍ ቆማ አየችው።

ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቃት። አይከብድም ብላ አልዋሸችም፤ ከበዳት። የሱ ክፍል በር ተከፍቶ፣ አልጋው የነበረበት ቦታ ወለሉ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ሲስተር መጥረጊያ አንሥታ ጠረገችው፤ መስኮቱን ከፈተች፤ እሑድ ልጇ ስልክ ስትደውል "ክፍል አለሽ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ አንድ ሳምንት ሳይሆን ወር ተቀመጪ" እንደምትላት ወሰነች። ቀጥላ መቀሷን ያዘችና ወደ ዳሱ ወጣች። ያፈራው ቅርንጫፍ መገረዝ አለበት፤ አዲስ የሚያብበው በአዲሱ ላይ ነው። ወንበሩን አስጠጋች፣ አንድ እግሯን አወጣች፣ ሁለተኛውን አወጣች፣ ሽቦውን ያዘችና መቁረጥ ጀመረች።

"ሲስተር፣ ትወድቂያለሽ!" አሉ ሾፌሩ ከግንቡ ማዶ።

"እንግዲያው መጥተው ወንበሩን ይያዙልኝ" አለቻቸው።

መጥተው ያዙላት።